በገና ዕረፍት እንግሊዝኛችሁ እንዳይዝግ፦ የሁለት ሳምንት መመሪያ

የገና ዕረፍት ሲደርስ የእንግሊዝኛ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ደብተሩን ከድኖ እስከ ጃንዋሪ ዞር ብሎ አያየውም፤ ወይ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የከበደውን የሰዋስው መጽሐፍ በሁለት ሳምንት ልጨርሰው ብሎ ይነሳና ሦስተኛው ቀን ላይ ይደክመዋል። እኔ ለዓመታት ሁለተኛውን ሳደርግ ኖሬያለሁ። ቆይቶ የገባኝ ነገር የበዓል ሰሞን ቁጭ ብሎ ለማጥናት የማይመች፣ አፍ ለማፍታታት ግን እጅግ የሚመች መሆኑ ነው። ክፍል ውስጥ 30 ተማሪ ካለ በአንድ ሰዓት ለእያንዳንዱ የሚደርሰው የመናገሪያ ጊዜ 2 ደቂቃ ነው፤ እሱም መምህሩ አንድም ቃል ካልተናገረ። በዕረፍት ግን ጊዜው የራሳችሁ ነው። ሰው ይገናኛል፣ ወሬ ይበዛል፣ የሚተረክ ነገር በየቀኑ ይፈጠራል።

ስለዚህ እዚህ የማተኩረው ንግግር ላይ ነው፤ ሰዋስው ትምህርት ሲከፈት ይደርሳል። በቀን ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይበቃል፣ ያውም ተቆራርጦ። ጨርሶ ማቆሙን ግን አልመክርም። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ ራሱን መፈተኛ አድርጎ በ1885 ባሳተመው ጥናት፣ የሸመደድነው ነገር በፍጥነት የሚጠፋን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት መሆኑን አሳይቷል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከመራቅ በቀን አሥር ደቂቃ መነካካት በብዙ ይሻላል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የእንግሊዝኛ ቃላትን በፊደላችን እየጻፍኩ እሄዳለሁ። ይህ ቃሉን ለመጠቆም ነው እንጂ ትክክለኛ ድምፁን አያሳይም። ድምፁን ድምፅ ካለው መዝገበ ቃላት ላይ ስሙት።

ዕረፍቱ ከመጀመሩ በፊት

መጀመሪያ ስልካችሁ ላይ ድምፅ መቅጃውን ክፈቱና ሳትዘጋጁ ለ2 ደቂቃ በእንግሊዝኛ ተናገሩ። ርዕሱ "በዚህ ዕረፍት ምን ላደርግ አስቤያለሁ" ይሁን። ስትጨርሱ አታዳምጡት፤ ቀኑን ጽፋችሁ አስቀምጡት። በመጨረሻው ቀን እንመለስበታለን።

ሁለተኛ፣ መምህራችሁን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ "ደጋግሜ የምሳሳተው አንዱ ነገር ምንድን ነው?" መምህር ከሌላችሁ አማርኛ ተናጋሪዎችን ከሚያስቸግሩት ከእነዚህ አንዱን ምረጡ።

አንደኛው ባለቤቱን መዋጥ ነው። በአማርኛ "እየዘነበ ነው" ስንል ባለቤቱ ግሱ ውስጥ አለ። እንግሊዝኛ ግን ፊት ለፊት "ኢት" ካላስቀመጣችሁለት አይቆምም፤ "ኢት ኢዝ ሬይኒንግ" ነው የሚባለው። ሌላው የኃላፊ ጊዜ ነው። እኛ "ትናንት ደውዬለታለሁ" ብንል ማንም አይቃወመንም፤ ይህንኑ ይዘን ስንሻገር "አይ ሃቭ ኮልድ ሂም የስተርደይ" ይወጣናል። እንግሊዝኛ ውስጥ ያለፈው ጊዜ በስሙ ከተጠራ "ሃቭ" ቦታ የለውም፤ "አይ ኮልድ ሂም የስተርደይ" ብቻ ነው። ሦስተኛው ሰዓት ነው። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ያልነው በእንግሊዝኛ "ስሪ ኦክሎክ" ነው። ቀጠሮ ስትይዙ ስድስቱን ሰዓት መቀነስ ወይም መደመር ከረሳችሁ ሰው ይጠብቃችኋል። የመረጣችሁትን አንድ ስህተት በትንሽ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት። ዕረፍቱን በሙሉ የምትከታተሉት እሱን ብቻ ነው።

የስልክን ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ መቀየር ብዙ ሰው ይመክራል። ጉዳት የለውም፤ ሆኖም ከጥቂት ቀን በኋላ ዓይን ቦታውን እንጂ ቃሉን ስለማያነብ ብዙ አልጠብቅበትም።

የሰሞኑ ቃላት

በዚህ ሰሞን በየመልእክቱና በየንግግሩ የምትሰሟቸው ጥቂት ቃላት አሉ፤ እነሱን አስተካክሎ መያዝ ወዲያው ይጠቅማል። "ክሪስመስ" ሲጻፍ መሀሉ ላይ ቲ የምትባል ፊደል አለች፤ ሲነገር ግን አትሰማም። "ሜሪ ክሪስመስ" በሁሉም ዘንድ ይሠራል፤ ብሪታንያ ውስጥ "ሃፒ ክሪስመስ" ማለትም የተለመደ ነው። ለአዲስ ዓመት ግን "ሃፒ ኒው ይር" ነው እንጂ "ሜሪ" አይባልም። አሜሪካውያን ሰውዬው የትኛውን በዓል እንደሚያከብር ካላወቁ "ሃፒ ሆሊዴይስ" ይላሉ። መልሱ አጭር ነው፤ "ዩ ቱ" ወይም "አንድ ቱ ዩ"።

መስተዋድዶቹ ላይ ትንሽ ቆዩ። ስለ ሰሞኑ በጠቅላላው ስታወሩ "ኧት ክሪስመስ"፣ ስለ ዲሴምበር 25 ቀን ብቻ ስታወሩ "ኦን ክሪስመስ ዴይ"፣ በነዚያ ቀናት ውስጥ ስላደረጋችሁት ስታወሩ ደግሞ "ኦቨር ክሪስመስ" ነው። በአማርኛ ሦስቱንም "በ" ስለሚሸፍናቸው ልዩነቱ በራሱ አይመጣልንም፤ ለእያንዳንዱ ስለ ራሳችሁ አንድ እውነተኛ ዓረፍተ ነገር ሠርታችሁ ጮክ ብላችሁ በሉት። "ሆሊዴይ" ደግሞ ለእንግሊዛዊ ማንኛውም የዕረፍት ጊዜ ነው፤ አሜሪካዊው ለዚያ "ቬኬሽን" ይላል፣ "ዘ ሆሊዴይስ" ሲል ግን የዓመቱን መጨረሻ በዓላት ማለቱ ነው። ዲሴምበር 26 በብሪታንያ "ቦክሲንግ ዴይ" ይባላል፤ ከቦክስ ስፖርት ጋር አይገናኝም።

አንድ ታሪክ፣ ብዙ ጊዜ

የዚህ መመሪያ ልብ እዚህ ነው። ጊዜ ካነሳችሁ ሌላውን ትታችሁ ይህን ብቻ አድርጉ።

በየሁለት ቀኑ ከደረሰባችሁ ነገር አንድ ትንሽ ታሪክ ምረጡ። ትልቅ መሆን የለበትም። የቤት ቁልፍ ጠፍቶባችሁ በር ላይ መቆማችሁ፣ አንድ ስጦታ ለተሳሳተ ሰው መሰጠቱ፣ ለዓመታት ካላያችሁት ዘመድ ጋር መገናኘታችሁ ይበቃል። የራሳችሁ መሆኑ ግን ግድ ነው። የራሳችሁ ከሆነ ቀጥሎ ምን እንደሆነ ለማሰብ አትደክሙም፤ አእምሯችሁ ሙሉ ጉልበቱን ለቋንቋው ይሰጣል።

ታሪኩን መጀመሪያ በአማርኛ ጽፋችሁ ለመተርጎም አትሞክሩ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ አማርኛ "ቁልፌን ፈልጌ፣ አጥቼ፣ ለእህቴ ደውዬ፣ ደጅ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኳት" ብሎ አምስት ድርጊት በአንድ ትንፋሽ ይሰበስባል። እንግሊዝኛ እንዲህ አይሰበስብም። ሰንሰለቱን ይዛችሁ ከገባችሁ በ"አንድ ዘን፣ አንድ ዘን" የተሞላ ረጅም ዓረፍተ ነገር ውስጥ ትጠፋላችሁ። አጫጭር አድርጋችሁ ቁረጡት፤ ለእያንዳንዱ ድርጊት የራሱን ባለቤትና የራሱን ኃላፊ ግስ ስጡት። "አይ ሉክት ፎር ማይ ኪ። አይ ኩድንት ፋይንድ ኢት። አይ ኮልድ ማይ ሲስተር። አይ ሳት አውትሳይድ አንድ ዌይትድ ፎር ኸር።" ያልተማረ ሰው ንግግር የሚመስላችሁ ከሆነ፣ ጥሩ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ሲያወሩ ዓረፍተ ነገራቸው ስንት ቃል እንዳለው ቆጥራችሁ እዩ።

አሁን ወረቀት ላይ አምስት ወይም ስድስት ቃል ብቻ ጻፉ፤ ቁልፍ፣ በር፣ እህት፣ ብርድ እያላችሁ፣ በእንግሊዝኛ። ከዚያ በኋላ 4/3/2 የሚባለውን ዘዴ ተጠቀሙ። ኪት ሞሪስ በ1983 ያቀረበው ሲሆን የኒውዚላንዱ የቃላት ትምህርት ምሁር ፖል ኔሽን አጥንቶ በሰፊው አስተዋውቆታል። አሠራሩ ቀላል ነው። ታሪኩን በ4 ደቂቃ ተናገሩ። ያንኑ ታሪክ እንደገና በ3 ደቂቃ፣ ለሦስተኛ ጊዜ በ2 ደቂቃ። ይዘቱን አትቀንሱ፤ የሚቀነሰው ማመንታቱና "እም" ማለቱ ነው። በዋናው አሠራር አድማጩ በየዙሩ ይለወጣል። ሦስት አድማጭ ካላገኛችሁ ለስልካችሁ መቅጃ ተናገሩ። ጀማሪ ከሆናችሁ 4 ደቂቃ እንደ ተራራ ይከብዳል፤ በ2፣ በ1 ተኩልና በ1 ጀምሩ።

በመጀመሪያው ዙር የማታውቁት ቃል ይመጣል። በአማርኛ አትሙሉት፣ መዝገበ ቃላትም አትክፈቱ፤ ዙሩት። "ቁልፍ ሠሪ" ማለት ከጠፋባችሁ "ዘ ማን ሁ ኦፕንስ ዶርስ" በሉ። ይህ ዞሮ የመናገር ችሎታ ከየትኛውም የቃላት ዝርዝር በላይ ከሰው ጋር ያግባባችኋል። ከሁለተኛው ዙር በኋላ ብቻ፣ በጣም ያስቸገሯችሁን ሁለት ቃላት ፈልጉ። ከሁለት አይብለጡ።

በሦስተኛው ዙር ጆሯችሁን ለኃላፊ ግሶቹ መጨረሻ ስጡ። ሲጻፍ አንድ ዓይነት የሆነው መጨረሻ ሲነገር ሦስት ነው፤ "ዎርክት" ላይ ት፣ "ኮልድ" ላይ ድ፣ "ዌይትድ" ላይ ደግሞ ራሱን የቻለ ተጨማሪ ክፍለ ቃል ይሆናል። ተጨማሪው የሚመጣው ግሱ ራሱ በት ወይም በድ ድምፅ ሲያልቅ ብቻ ነው። ብዙዎቻችን ሁሉም ላይ እንጨምራለን።

አነጋገራችሁ ለሰው ይሰማ እንደሆነ ለመፈተሽ አንድ የምወደው ዘዴ አለ። የስልካችሁን ቁልፍ ሰሌዳ እንግሊዝኛ አድርጋችሁ የማይክሮፎኑን ምልክት ተጫኑና ከታሪካችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። ስልኩ የሰማውን ይጽፋል። በእንግሊዝኛ "በግ" (ሺይፕ) ስትሉት "መርከብ" (ሺፕ) ብሎ ከጻፈ አናባቢውን አሳጥራችኋል ማለት ነው፤ "ሺፕ"ን ወደ ረጅሙ "ሺይፕ" ሳቡት። ምላስ በጥርስ መሀል ወጣ የምትልበትን ድምፅ እንደ ዘ ወይም እንደ ስ ካላችሁትም ያጋልጣችኋል። ስልኩ ራሱ ይሳሳታልና በአንድ ጊዜ አትደንግጡ። ሦስት ጊዜ ብላችሁት ሦስቱንም ያንኑ ስህተት ከጻፈ ግን የእናንተ ነው።

ማዳመጥ

በዓል ሰሞን ለማዳመጥ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠቁመው የብሪታንያ ንጉሥ የገና መልእክት ነው። ለፖለቲካው ወይም ለዘውዱ ስል አይደለም፤ ለተማሪ የተሠራ እስኪመስል ድረስ የሚመች ስለሆነ ነው። አጭር ነው፣ ቀስ ተብሎ ይነገራል፣ ቃላቱ ጥርት ብለው ይሰማሉ፣ ጽሑፉም ይታተማል። ልማዱ የጀመረው በ1932 ጆርጅ አምስተኛ በሬዲዮ ሲናገሩ ነው፤ በ1957 የንግሥት ኤልሳቤጥ ንግግር ለመጀመሪያ ጊዜ በቴሌቪዥን ታየ። ዲሴምበር 25 ከሰዓት በኋላ ይተላለፋል፤ ቪዲዮው ስለሚቆይ በፈለጋችሁ ሰዓት ታገኙታላችሁ።

በአንድ ቀን አትጨርሱት። በመጀመሪያው ቀን ያለ ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ስሙና የገባችሁን ሦስት ነገር ጻፉ። በሁለተኛው ቀን ጽሑፉን ይዛችሁ ስሙ፤ ጽሑፉ ላይ ስታዩት የምታውቁት፣ በጆሮ ግን ያመለጣችሁ ቃል ላይ ምልክት አድርጉ። ከዚህ ልምምድ ትልቁን ጥቅም የሚሰጡት እነዚያ ቃላት ናቸው፤ አዲስ ቃል መማር አያስፈልጋችሁም፣ ያላችሁን ቃል ለጆሯችሁ ማስተዋወቅ ብቻ ነው የቀረው። በሦስተኛው ቀን አንድ ደቂቃ የሚሆን ክፍል መርጣችሁ ከተናጋሪው እግር በእግር ተከትላችሁ አብራችሁ በሉ። አነጋገሩ እጅግ መደበኛ ስለሆነ የትንፋሹን አወሳሰድና የት ጫና እንደሚያደርግ ውሰዱ እንጂ ከጓደኛ ጋር በዚያ ቃና አታውሩ።

ለዕለት ተዕለት ንግግር የቢቢሲ ለርኒንግ ኢንግሊሽ "ሲክስ ሚኒት ኢንግሊሽ" የሚባለው ዝግጅት ከነጽሑፉ ይገኛል፤ በዚያው በሦስት ቀን አካሄድ ሥሩበት።

የገና መዝሙሮች ዜማቸው ቀስ ያለ፣ ድግግሞሻቸው የበዛ ስለሆነ ለአፍ ይመቻሉ። ነገር ግን ብዙዎቹ ከመቶ ዓመት በላይ የቆዩ ናቸው፤ "ዪ" ብሎ "እናንተ"ን የሚጠራ፣ የቃላቱን ቅደም ተከተል ለዜማ ሲል የሚገለባብጥ ቋንቋ አላቸው። ዘምሯቸው፤ ዓረፍተ ነገር ግን አትቅዱባቸው። ፊልም ደግሞ መጀመሪያ ለደስታ ተመልከቱት፣ ሰብታይትሉ የእንግሊዝኛ ይሁን። ከዚያ የወደዳችሁትን የ3 ደቂቃ ክፍል ብቻ መልሳችሁ ያለ ሰብታይትል እዩ፤ ከፈጠነባችሁ ዩቲዩብ ላይ ፍጥነቱን ወደ 0.75 ዝቅ ማድረግ ይቻላል።

ከሰው ጋር

ከአንድ የክፍል ጓደኛ ጋር በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት የ15 ደቂቃ ስልክ ተቃጠሩ። ደንቡ ሁለት ነው፤ በእነዚያ 15 ደቂቃዎች አማርኛ የለም፣ አንዱ የተናገረውን ሰምቶ ሌላው ቢያንስ አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ ወደ ራሱ ወሬ አይሻገርም። ሁለተኛው ደንብ ዋናው ነው። ብዙ ተማሪ መመለስ ይችላል፣ መጠየቅ ግን አይችልም፤ ክፍል ውስጥ የሚጠይቀው ሁልጊዜ መምህሩ ነውና። ያዘጋጃችሁትን ታሪክም ለጓደኛችሁ ንገሩት፤ የ4/3/2 አንዱ ዙር ይሆንላችኋል።

ልጆች ካሉ የ20 ጥያቄዎች ጨዋታ ተጫወቱ። አንዱ ዕቃ ያስባል፣ ሌላው አዎ ወይም አይደለም በሚያስብሉ ጥያቄዎች ብቻ ይደርስበታል፤ "ኢዝ ኢት ቢገር ዛን ኤ ሹ?" "ካን ዩ ሆልድ ኢት?" በሩብ ሰዓት ውስጥ ከአንድ የመልመጃ ገጽ የበለጠ የጥያቄ ዓረፍተ ነገር ከአፋችሁ ይወጣል።

እንግሊዝኛ በደንብ የሚናገር ሰው ሲገጥማችሁ "ስሳሳት አርመኝ" ብቻ አትበሉት። ሁሉንም ካረመ አፋችሁ ይያዛል፣ ምንም ካላረመም አይጠቅማችሁም። ደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያለችውን አንዷን ስህተት ንገሩትና "ይህችን ብቻ ስስት ጣትህን አንሳልኝ" በሉት። ሰው በዚህ መጠን ሲጠየቅ በደስታ ያግዛል።

አፍረው ዝም ለሚሉ ሰዎች ልቤ ያዝናል፣ እኔም እዚያ ስለነበርኩ። ለእናንተ ብቻችሁን መጀመሩ ነውር የለውም። ዕቃ ስታጥቡ፣ ሻንጣ ስታዘጋጁ፣ እጃችሁ የሚሠራውን አፋችሁ በእንግሊዝኛ ይተርክ። "አይም ፎልዲንግ ማይ ሸርት።" ሦስት ቀን እንዲህ ካላችሁ በኋላ ለሰው መናገሩ ያን ያህል አያስፈራም።

መልእክትና የምስጋና ደብዳቤ

በዚህ ሰሞን መልካም ምኞት መላክ ስለማይቀር ከተዘጋጁ ምስሎች ይልቅ ለሦስት ሰው የራሳችሁን ሁለት ዓረፍተ ነገር ላኩ። ከሁለቱ አንዱ ያንን ሰው ብቻ የሚመለከት ይሁን፤ ከሌላው ሰው ጋር ቢቀያየር ስህተት የሚሆን። ስጦታ ከደረሳችሁ ደግሞ ምስጋናው ሦስት ነገር ይይዛል፦ ስለ ምኑ እንደምታመሰግኑ፣ በምን እንደምትገለገሉበት፣ ለሰውየው ያላችሁ ምኞት። "ታንክ ዩ ፎር" ካላችሁ በኋላ ግስ ከመጣ "ካሚንግ"፣ "ሄልፒንግ" እያለ በ"ኢንግ" ማለቅ አለበት።

ንባብና ቃላት

ለንባብ ቀላሉን ምረጡ። ሁ እና ኔሽን በ2000 ባሳተሙት ጥናት ያለ ረዳት ተረድቶ ለማንበብ በገጹ ካሉት ቃላት 98 ከመቶውን ማወቅ እንደሚያስፈልግ አመልክተዋል። 100 ቃል ቁጠሩና የማታውቁት ከ2 ከበለጠ አንድ ደረጃ ውረዱ። ለተማሪ የሚዘጋጁት የኦክስፎርድ ቡክዎርምስ መጻሕፍት በደረጃ 1 በ400፣ በደረጃ 6 በ2500 መሠረታዊ ቃላት የተጻፉ ስለሆኑ የሚስማማችሁ አይጠፋም።

አዲስ ቃል በቀን ከ5 አይብለጥ፤ እነሱም ከራሳችሁ ታሪኮች የወጡ ይሁኑ። በካርድ ጻፏቸውና ሦስት ክምር ሥሩ፤ በየቀኑ፣ በየሦስት ቀኑ፣ በየሳምንቱ የሚታዩ። ያወቃችሁት ወደፊት ይሻገራል፣ የረሳችሁት ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ሴባስትያን ላይትነር በ1972 ካስተዋወቀው የካርድ ሣጥን የተቀነሰ ነው።

በዓሉ ዕለት

በዕለቱ 5 ደቂቃ ይበቃል፦ ካርዶቹን አይታችሁ አንድ መልእክት ላኩና ከሰው ጋር ተደሰቱ። አንድ ቀን ካመለጣችሁም የማግስቱን እጥፍ አታድርጉት። እጥፍ የተደረገ ቀን ራሱ ስለሚያመልጥ ዕዳው ይከመራል። ያመለጠው አልፏል ብላችሁ በዕለቱ ታሪክ ቀጥሉ።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት

ክፍል ስትመለሱ "ሃው ዎዝ ዩር ሆሊዴይ?" ወይም "ዋት ዲድ ዩ ጌት አፕ ቱ?" መባላችሁ አይቀርም፤ ሁለተኛው "ምን ስትሠሩ ከረማችሁ?" ማለት ነው። "ኢት ዎዝ ጉድ" ብሎ መዝጋት የሁለት ሳምንቱን ልፋት ያባክናል። ካወራችኋቸው ታሪኮች የተሻለውን አንዱን ወደ 30 ሰከንድ አሳጥሩት፣ መጨረሻው ላይም "ሃው አባውት ዩ?" ብላችሁ ለጠያቂው መልሱለት።

በመጨረሻው ቀን መቅጃውን ክፈቱና ሳትዘጋጁ ለ2 ደቂቃ ተናገሩ፤ ርዕሱ "በዚህ ዕረፍት ምን አደረግኩ" ይሁን። አሁን ሁለቱን ቅጂዎች ተራ በተራ ስሙ። ወረቀቱን ለሁለት ከፍላችሁ በእያንዳንዱ ሦስት ነገር ቁጠሩ፦ ከሦስት ሰከንድ በላይ ዝም ያላችሁበትን፣ በአማርኛ የሞላችሁትን ቃል፣ ያቺን የመረጣችኋትን አንድ ስህተት። ቁጥሮቹን ጽፋችሁ ወረቀቱን ለመምህራችሁ ስጡት። ስህተቷ ቁጥሯ ካልቀነሰ የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ትቆይ፤ ከቀነሰች ሰርዟትና ቀጣዩን ከመምህራችሁ ጠይቁ።